ፓይክ ሪቨር፦ ስካዳው ያላየው ጋዝ

በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ከግሬይማውዝ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ 46 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በፓፓሮዋ ተራሮች ሥር ፓይክ ሪቨር የሚባል የድንጋይ ከሰል ማዕድን ነበር። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2010 (ኅዳር 10 ቀን 2003 ዓ.ም.) በአገሩ ሰዓት ከቀትር በኋላ 3:45፣ በእኛ አቆጣጠር 9 ሰዓት ከ45 ላይ፣ ውስጡ የተጠራቀመው ሚቴን ጋዝ ፈነዳ። በዚያች ሰዓት ከመሬት በታች 31 ሰዎች ነበሩ። ሁለቱ ራሳቸው ወጡ። 29ኙ እዚያው ቀሩ።

ስለዚህ አደጋ ሲወራ ብዙውን ጊዜ የሚነሳው የአየር ዝውውሩ ጉድለት ነው፤ ልክም ነው። እኔ ግን ጉዳዩን በቁጥጥር ሥርዓቱ፣ ማለትም ከሴንሰሮች ንባብ እየሰበሰበ ማሽኖችን ከርቀት በሚያዘው የኮምፒውተር ሥርዓት፣ በስካዳው በኩል ማየት እመርጣለሁ። ፓይክ ሪቨር ስካዳ ያልነበረው ኋላ ቀር ጉድጓድ አልነበረም። ሰው በፈረቃ የሚቀመጥበት መቆጣጠሪያ ክፍል ነበረው። ከመሬት በታች ያሉ ፓምፖችን ከዚያው ከወንበር ሳይነሱ ማስነሳትና ማቆም ይቻል ነበር። የጋዝ ንባብ ስክሪን ላይ ይመጣል፣ ይመዘገባል፣ አላርምም አለው። ታዲያ ሊፈነዳ የሚችል ጋዝ ለሳምንታት ሲመላለስ ይህ ሁሉ ዕቃ ሥራውን ለምን አላስቆመም?

ማዕድኑ

ወደ ከሰሉ የሚያስገባው 2.3 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው፣ በዐለት ውስጥ የተፈለፈለ አንድ ዋሻ ብቻ ነበር። ሰውም፣ ማሽንም፣ ንጹሕ አየርም፣ ኤሌክትሪክም የሚገባው በእርሱ ነው። የተበከለው አየር የሚወጣው ደግሞ 108 ሜትር ጥልቀት ባለው ቀጥ ያለ ጉድጓድ ነበር። የዚህ ጉድጓድ የታችኛው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ተደርምሶ ስለነበር አየሩ በጎን በተቆፈረ ጠባብ መተላለፊያ እንዲዞር ተደርጓል። በአደጋ ጊዜ ሁለተኛ መውጫ ይሆናል የተባለውም ይኸው መሰላል የተሰቀለበት ጉድጓድ ነው።

ሥራው ከዕቅዱ እጅግ ዘግይቶ ነበር። ኩባንያው በዓመት አንድ ሚሊዮን ቶን ገደማ አወጣለሁ ብሎ ለባለአክሲዮኖች ቃል ቢገባም እስከ አደጋው ቀን የጫነው 42,000 ቶን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መገባደጃ ላይ ከሰሉን በከፍተኛ ግፊት በሚወረወር ውሃ እየናዱ የማውጣት ዘዴ ተጀመረ። በጊዜው ከተጀመረ ለሠራተኛው ቦነስ ይከፈላል ተብሎ ነበር፤ ቦነሱም በዘገየ ቁጥር እየቀነሰ የሚሄድ ነበር። ይህ የውሃ ዘዴ ከሰሉን ጠርጎ ከኋላው ሰፊ ባዶ ቦታ ይተዋል፤ እዚያ ባዶ ውስጥ ሚቴን ይሞላል፤ ጣሪያው ሲወድቅ ደግሞ ጋዙን ወደ ሥራው ክፍል ይገፋዋል። ከከሰሉ ውስጥ ጋዝ ቀድሞ እንዲስብ የተዘረጋው ቧንቧ ባለ 4 ኢንች ነበርና የሚበቃ አልነበረም።

በዚህ ላይ ዋናው የአየር ፋን የተተከለው ከመሬት በታች ነው። በየትኛውም የዓለም ከሰል ማዕድን ከዚያ በፊት እንዲህ አልተደረገም። የተለመደው ፋኑን ላይ፣ ከጉድጓዱ አፍ ላይ መትከል ነው፤ ፍንዳታ ቢደርስ እንኳ እንዲተርፍ። የፋኑ ሞተር ደግሞ የራሱን ብልጭታ በውስጡ አፍኖ የሚያስቀር ዓይነት አልነበረም። የአየር ዝውውር አማካሪና አንዳንድ ሠራተኞች ተቃውመው ነበር። አደጋውን የመረመረው ንጉሣዊ አጣሪ ኮሚሽን ውሳኔውን ከባድ ስህተት ብሎታል። በእኔ አስተያየት ከዚህ ወዲያ ስለ ሴንሰር የሚባለው ሁሉ ከዚህ ውሳኔ ጥላ ሥር ነው የሚቆመው፤ የትኛውም ስክሪን ሊያርመው አይችልም ነበርና።

ሴንሰሩ የት ነው የተሰቀለው?

ሚቴን አየር ውስጥ ከ5 እስከ 15 በመቶ ሲሆን ይፈነዳል። ከ5 በታች ለመቀጣጠል ያንሳል፤ ከ15 በላይ ኦክስጅኑ ይጎድለዋል። በኒውዚላንድ ደንብ መሠረት ጋዙ 1.25 በመቶ ሲደርስ የኤሌክትሪክ ኃይል ይቋረጣል፣ 2 በመቶ ሲደርስ ሰው ይወጣል። እንግዲህ የማዕድን ስካዳ ዋና ሥራው እነዚህን ሁለት ወሰኖች መጠበቅ ነው፤ ጋዙ እንደጨመረ ማወቅ፣ ኃይሉን መቁረጥ፣ ለሰው መንገር።

ይህ የሚሆነው ግን ሴንሰሩ ጋዙ ያለበት ቦታ ከሆነ ነው። በፓይክ ሪቨር ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ የሚያስተላልፉት የመመለሻ አየር (ከሥራው ክፍሎች ተበክሎ የሚወጣው አየር) ሴንሰሮች በዚያ የአየር ማስወጫ ጉድጓድ ላይ ነበሩ፤ አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ። ከጉድጓዱ ወዲያ፣ ከሰሉ በሚቆረጥበት ፊት ለፊት፣ መሬት ላይ ላለው ኦፕሬተር የሚናገር ቋሚ የሚቴን ሴንሰር በመመለሻው አየር መንገድ ላይ አልነበረም። ከሁለቱም የታችኛው ከአደጋው ሳምንታት ቀደም ብሎ ተበላሽቶ ሳይተካ ቀርቷል። የላይኛውም እምነት የሚጣልበት አልነበረም።

ጉድጓዱ ላይ መለካት ለምን እንደማይበቃ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ የሥራ ክፍል በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ አየር ያልፍበታል፣ በውስጡም 5 በመቶ ሚቴን አለ እንበል፤ የመፈንዳት ወሰን ላይ ደርሷል ማለት ነው። ይህ አየር ከሌሎች ክፍሎች ከሚመጣ 90 ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር ጋር ተቀላቅሎ ጉድጓዱ ጋ ሲደርስ ግማሽ በመቶ ብቻ ይሆናል። ስክሪኑ ላይ 0.5 ይጻፋል። አላርም የለም፣ ቀይ መብራት የለም። አንድ ቤት እየተቃጠለ እንደሆነ በሰፈሩ መውጫ ቆሞ በማሽተት ለማወቅ እንደመሞከር ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ ጋ ያለው ቁጥር በጥቂቱም ቢሆን ከፍ ካለ፣ ውስጥ የሆነ ቦታ ላይ ቁጥሩ በብዙ እጥፍ እንደሚበልጥ መጠርጠር ነበረበት። ይህን የሚጠረጥር፣ ጋዙን ከምንጩ ድረስ የሚከታተል ባለሙያ ያስፈልጋል፤ የፓይክ ሪቨር ዕቅድም የአየር ዝውውር መሐንዲስ ይኖራል ይል ነበር። ቦታው ግን ሰው አልተመደበበትም።

የሴንሰሮቹ ባሕርይም ሊዘነጋ አይገባም። በማዕድን ውስጥ በብዛት የሚሠራበት የሚቴን ሴንሰር ጋዙን በትንሽ የጋለ ሽቦ ላይ አቃጥሎ ከሙቀቱ መጠኑን የሚገምት ነው። እስከ 5 በመቶ ድረስ ይሠራል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ኦክስጅን ስለሚያጥረው ጭራሽ ዝቅ ያለ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል። ሲሊኮንና ሌሎች ኬሚካሎች ያደነዝዙታል። የደነዘዘ ሴንሰር ደግሞ አይጮህም፤ ዝም ያለ ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል። ለኦፕሬተሩ ይህ መስመር ሰላም ይመስላል። ደህና ተደርጎ የተሠራ ስካዳ ንባቡ ለረጅም ጊዜ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ያን ራሱን እንደ ብልሽት ቆጥሮ አላርም ያደርገዋል፤ በሚተነፍስ ማዕድን ውስጥ የማይነቃነቅ የጋዝ ቁጥር የለምና። ይህን ለመጻፍ ፒኤልሲው (ማሽኖቹን በፕሮግራም የሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር) ላይ የሚያስፈልገው ጥቂት መስመር ሎጂክ ነው። ለጨረታ በሚቀርብ ሰነድ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ፊት የሚወጣው የስክሪኑ ስፋት ነው እንጂ ይህ አይደለም።

ከቋሚዎቹ ሌላ፣ ከሰል የሚቆርጡት ማሽኖች ላይ የተገጠሙ ሴንሰሮች ነበሩ። እነዚህ ጋዝ ሲበዛ የማሽኑን ኃይል እዚያው ይቆርጣሉ። ቆራጩ ደጋግሞ ሲቆም ምርት ይቆማል፤ በፓይክ ሪቨርም የደህንነት መሣሪያዎች እንዳይሠሩ ተደርገው እንደተገኙ የሚያሳዩ ሪፖርቶች ቀርበው ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው ሴንሰሩን በሸፈነው ሠራተኛ ላይ ነው። እኔ ግን ጥፋቱን ከእርሱ ላይ አልጀምርም። ማሽኑ በቀን ብዙ ጊዜ ከቆመ ያ ቁጥር ራሱ የአየር ዝውውሩ እንደማይበቃ የሚናገር የስካዳ መረጃ ነበር፤ ላይ ላለው ሰው መድረስ የነበረበት እርሱ ነው።

የወረቀቱ ማስጠንቀቂያ

ኮሚሽኑ ካገኘው ሁሉ ለእኔ ከባዱ የሚከተለው ነው። ከፍንዳታው በፊት በነበሩት 48 ቀናት ውስጥ ሚቴን ሊፈነዳ የሚችል መጠን ላይ መድረሱን የሚገልጹ 21 ሪፖርቶች ነበሩ። ከዚያ ያነሰ ነገር ግን አደገኛ ሊሆን የሚችል መጠንን የሚያሳዩ ደግሞ 27። ሪፖርቱ እስከ አደጋው ቀን ጠዋት ድረስ ቀጥሏል።

ማለትም ጋዙ ታይቷል። ያየው ግን ስካዳው ሳይሆን የእጅ መለኪያ ይዘው በየፈረቃው የሚዞሩት የፈረቃ ኃላፊዎች ናቸው። ቁጥሩን በወረቀት ይጽፉታል፣ ይፈርማሉ፣ ወረቀቱ ይቀመጣል። 48ቱን ሪፖርት በአንድ ገበታ ላይ አድርጎ፣ በቀንና በቦታ አሰልፎ፣ ይህ ነገር የት እየሄደ ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰውም ሆነ አሠራር አልነበረም። አንዱ ፈረቃ የጻፈውን ሌላው ፈረቃ ሊያየው ይችላል፣ ላያየውም ይችላል። ለዳይሬክተሮች ቦርድ የሚደርሰው የደህንነት መረጃም ይህን አደጋ የሚያሳይ አልነበረም።

ስካዳ የሚሠሩ ሰዎች ብዙውን ጊዜ በሽቦ የማይመጣ ቁጥር ከሥርዓቱ ውጭ እንደሆነ አድርገው ያስባሉ። በፓይክ ሪቨር ትክክለኛው ቁጥር የነበረው በወረቀቱ ላይ ነው፤ በሽቦ የመጣው ደግሞ የተሳሳተው ነው። አንድ ጸሐፊ የእያንዳንዱን ፈረቃ የእጅ ንባብ ወደ ዳታቤዙ ቢያስገባ ኖሮ የሚቴኑ ግራፍ በጥቅምት ወር ውስጥ ብቻውን ሥራ የሚያስቆም ሥዕል በሠራ ነበር። ለዚህ አዲስ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም፤ ኃላፊነት የተሰጠው ሰው ግን ያስፈልጋል። በዚያ ማዕድን እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2008 እስከ ኖቬምበር 2010 ድረስ ስድስት የማዕድን ሥራ አስኪያጆች ተፈራርቀዋል። ወንበሩ ገና ሳይሞቅ የሚለቅ ሰው የትኛውን ግራፍ ሊከታተል ይችላል?

ከውጭ የሚመረምረውም ቢሆን የሳሳ ነበር። የመንግሥት የማዕድን ተቆጣጣሪዎች ለመላው ኒውዚላንድ ሁለት ብቻ ነበሩ።

3:45

በዚያ ዐርብ የውሃው መስመር ለጥገና ቆሞ ቆይቶ ሥራ ሊጀምር ነበር። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ኦፕሬተር ከታች ካለ ሠራተኛ ጋር እየተነጋገረ አንድ ፓምፕ ከመሬት ላይ አስነሳ። በሰከንዶች ልዩነት ከታች የሚመጣው ሁሉ ተቋረጠ፤ ድምፁም፣ ንባቡም።

ከስካዳ ኦፕሬተር ወንበር ላይ ሆኖ ይህ ምን እንደሚመስል ማሰብ ያስፈልጋል። ስክሪኑ ፍንዳታ ሆነ አይልም። ግንኙነት የለም ይላል። መብራት ሲጠፋ፣ ገመድ ሲበጠስ፣ የመገናኛ ካርድ ሲቃጠልም የሚለው ያንኑ ነው። ኦፕሬተሩ ደጋግሞ ወደ ታች ጠራ፣ መልስ የለም። አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ምን እንደሆነ እንዲያይ ወደ ዋሻው ተላከ፤ በመኪና ገብቶ ወድቆ የተኛ ሰው አየ፣ አየሩ ስላፈነው ተመልሶ ወጣ። የማዕድን ነፍስ አድን ቡድን የተጠራው ከፍንዳታው 40 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው። የሚያስቆጨው፣ በዋሻው አፍ ላይ ያለ ካሜራ የፍንዳታውን ግፊት ሲወጣ ቀርጾታል፤ 52 ሰከንድ የሚቆይ ነፋስ። ቪዲዮው የታየው ዘግይቶ ነው። ከታች ሁሉም ምልክት በአንድ ጊዜ ሲጠፋ የመግቢያውን ካሜራ በራሱ ከፊት የሚያመጣ አሠራር ቢኖር ጥርጣሬው በአንድ ደቂቃ ውስጥ ባለቀ ነበር።

የፓምፑ መነሳትና የፍንዳታው መገጣጠም ብዙ አነጋግሯል። የሞተር ፍጥነት የሚቆጣጠሩ የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች በመስመሩ ላይ የሚፈጥሩት ሁከት የሆነ ቦታ ላይ ብልጭታ አስነስቶ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ ለኮሚሽኑ ቀርቧል። ሌሎችም መነሻዎች ተጠቅሰዋል፤ የናፍጣ ሞተር ሙቀት፣ የብረትና የድንጋይ ፍጭት፣ ተከልክሎ የገባ ዕቃ። ኮሚሽኑ አንዱን ለይቶ ይህ ነው ማለት አልቻለም። እኔም ብልጭታው የት ተነሣ የሚለውን ያህል ጋዙ ለምን እዚያ ነበረ የሚለው ይበልጥብኛል። ማዕድን ውስጥ ብልጭታን ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም፤ የሚቻለው ብልጭታው የሚያገኘውን ጋዝ ማሳጣት ነው። ይህም ቢሆን ለስካዳ ሰው ሌላ ጥያቄ ያስነሣል፦ ከወንበር ላይ ፓምፕ እንዲነሣ የሚፈቅደው ሎጂክ፣ በዚያ አካባቢ የሚታመን የጋዝ ንባብ መኖሩን አስቀድሞ መጠየቅ የለበትም ወይ? ንባብ ከሌለ አይነሣም ማለት ምርት ይጎዳል። ሁለቱን የሚያመዛዝነው ግን ፕሮግራመሩ ብቻውን ሊሆን አይገባም።

ከፍንዳታው በኋላ

ኃይል ከተቋረጠ ከመሬት በታች ያለ ኤሌክትሮኒክ ሴንሰር ብዙም አይረዳም። ለዚህ ነው ብዙ የከሰል ማዕድኖች ሌላ ሥርዓት ጎን ለጎን የሚዘረጉት፤ ቀጫጭን የፕላስቲክ ቱቦዎች ከየክፍሉ አየር እየሳቡ መሬት ላይ ወዳለ መመርመሪያ ያመጣሉ። ቀርፋፋ ነው፤ አየሩ ኪሎ ሜትሮች እስኪጓዝ ደቂቃዎች ይፈጃል። ነገር ግን ፓምፑም መመርመሪያውም ላይ ስለሆኑ ከታች ያለው መብራት ቢጠፋም ቱቦው እስካልተቆረጠ ድረስ ይናገራል። ኦክስጅኑንም ካርቦን ሞኖክሳይዱንም ይለካል። ፓይክ ሪቨር ይህ አልነበረውም።

በዚህ የተነሣ ነፍስ አድኖቹ ውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ ከጉድጓዱ አፍ በእጅ ናሙና መውሰድ፣ ከተራራው ላይ ደግሞ አዲስ ጉድጓድ እስኪቆፈር መጠበቅ ግድ ሆነባቸው። ውስጥ እሳት አለ ወይስ የለም? ሰው ሊተነፍሰው የሚችል አየር አለ? ቤተሰቦች በር ላይ ሆነው ለምን አትገቡም እያሉ ይጮኹ ነበር፤ ፈቃድ ሰጪው ደግሞ በእጁ ላይ አስተማማኝ ቁጥር የለውም። ኖቬምበር 24 ቀን በአገሩ ሰዓት ከቀትር በኋላ 2:37 ላይ ሁለተኛ ፍንዳታ ሆነ፤ በሕይወት ያለ ሰው አለ የሚለው ተስፋም በዚያ ቀን በይፋ ተቋረጠ። ሌሎች ሁለት ፍንዳታዎችም ተከትለዋል። መሬት በታች ያለው ዋና ፋን ከመጀመሪያው ፍንዳታ አልተረፈም፤ ላይ የነበረው መጠባበቂያም ተጎድቷል።

የኮሚሽኑ ሪፖርት በኖቬምበር 2012 ይፋ ሲሆን የሥራ ሚኒስትሯ ከዚያ ኃላፊነት ለቀቁ። በ2013 ፍርድ ቤት ኩባንያውን 760,000 የኒውዚላንድ ዶላር ቀጣው፤ ለሞቱትና ለተረፉት እያንዳንዳቸው 110,000፣ በድምሩ 3.41 ሚሊዮን ካሳም ወሰነ። ኩባንያው ግን ከስሮ ነበር። በቀድሞው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ላይ የቀረቡት 12 ክሶች በዚያው ዓመት መጨረሻ ተነሡ፤ ካሳው ለቤተሰቦች እንዲከፈል ከመደረጉ ጋር የተያያዘ ስምምነት ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2017 ስምምነቱ ሕገ ወጥ እንደነበር ፈረደ። ወርክሴፍ የተባለው የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት የተቋቋመው፣ አዲሱ የማዕድን ደንብም የወጣው በዚሁ አደጋ ምክንያት ነው። በደንቡ ለአየር ዝውውርና ለጋዝ ክትትል በስም የሚጠየቅ ሰው መመደብ ግዴታ ሆኗል፤ ለእኔ ከአዳዲሶቹ ሴንሰሮች ይልቅ ይህ ነው ትልቁ የቁጥጥር ሥርዓት ለውጥ።

መንግሥት ዋሻውን እንደገና ለመግባት በ2018 ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሆን መሥሪያ ቤት አቋቁሞ በ2019 የተዘጋው በር ተከፈተ። በ2021 መጀመሪያ ቡድኑ 2.2 ኪሎ ሜትር ያህል ገብቶ ድንጋይ ተደርምሶ መንገዱን የዘጋበት ቦታ ላይ ደረሰ፤ ከዚያ ወዲያ እንዲቀጥል አልተፈቀደለትም። ፋኑና የኤሌክትሪክ መሣሪያዎቹ ያሉት ከድርምሱ ባሻገር ነው። ብልጭታው ከየት ተነሣ የሚለው ጥያቄም ከእነርሱ ጋር እዚያው እንደተዘጋ ነው።